ቅቤ የጠጣች ጀልባ

የከድር አባት፣ አሰላሙ አለይኩም። አፈር ከለበስክ ዛሬ አስር ወር ከአራት ቀንህ ነው። ይህን የምጽፍልህ በራሴ እጅ ነው፤ አላመንክም አይደል? መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጠርኩ። መስመሩ ወደ ጎባ እንደሚወጣ ሰው ዳገት ዳገት ይላል እንጂ እኔው ነኝ።

ቤቱ ደህና ነው። ጥቁሯ ላም ወለደች። ልጃችን ከድር አጋርፋ እርሻ ማሠልጠኛ ገብቷል። ጀልባህ ግን ግቢያችን ውስጥ እንደተደፋች ከረመች። ሮቤ መሀል ጀልባ! በጉርምስናህ ምጽዋ የተማርከውን አናጢነት እዚህ ብርድ አገር አምጥተህ ስትቸነክር ሰው ሁሉ ሲስቅብህ፣ እኔም ዶሮዎቼ ማደሪያ አገኙ እያልኩ አብሬ ስቄብሃለሁ። የወይብ ወንዝ ሲሞላ ከማዶ ያለችው እህቴ ዘይነባ ለክፉም ለደጉም ትቀርብኛለች ስትለኝ፣ ብትቀር ምን ትሆናለች ብዬህ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ።

አንተ ያረፍክ ቀን ወይብ ሞልቶ ነበር። መርዶ ነጋሪው ከወዲህ ቆሞ ለዘይነባ እየጮኸ ነገራት። ድልድዩ የግማሽ ቀን መንገድ፣ ቀብር ደግሞ አይጠብቅ። በድልድዩ ዞራ ስትደርስ አፈርህ ደርቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያቺን ጀልባ ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር።

ዝናቡ ሊገባ ሲል የቀበሌው ሊቀመንበር መጣና በጫማው መታ መታ አደረጋት። በዚህ ወር ውሃ ላይ ካልዋለች ለገበሬ ማኅበሩ በሬዎች መጠጫ ገንዳ ትሆናለች፣ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም አለ። መቼ የሰፊው ሕዝብ እንደሆነች እኔ እንጃ። አንተ የደከምክባት ላይ የበሬ ለሃጭ ሊንጠባጠብ! ደሜ ፈላ። ከቀለም በቀር የቀራት የለም ብለኸኝ ስለነበር፣ ወላሂ እኔው እቀባታለሁ አልኩት።

ከቀለም በፊት እንጨቱ መሰናዳት እንዳለበት አውቃለሁ። የምጽዋ ሰዎች ጀልባቸውን የዓሣ ዘይት ያጠጣሉ ብለህ አውርተኸኝ የለ? ሮቤ ላይ የዓሣ ዘይት ከየት ይምጣ! ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ግን አልተቸገረችም። እንጨት ያው እንጨት ነው፤ የወተት ዕቃችን እንዳይሰነጠቅ ምን እንቀባዋለን? ቅቤ ነዋ! አለች። እውነት መሰለኝ። ስድስት ሴቶች ሆነን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ በቅቤ አሸናት። እኔ ስዳር እንኳ እንዲያ አልተቀባሁም። የሰፈሩ ውሻ ተጠራርቶ መጥቶ ይልሳት ጀመር። በማግስቱ ቀለሙን ባሳርፍባት እየተንሸራተተ መሬት ወረደ። እጄን ጭንቅላቴ ላይ ጭኜ ቁጭ አልኩ። ሳቅ፣ ሳቅብኝ፤ መብትህ ነው።

ስድስታችንም ተመልሰን በፈላ ውሃና በአመድ ፈተግናት። ፀሐይ ላይ ቀናት ቆይታ ስትደርቅ የዕቃ ሳጥንህን ከፍቼ የእንጨት መላጊያህን አወጣሁ። እጀታው ላይ አውራ ጣትህ ያጎደጎደው ቦታ አለ፤ የኔ ጣት እዚያ ውስጥ ጠፋ። ያለቀስኩት እዚያ ላይ ነው፣ አልደብቅህም። ከዚያ ፋቅኳት፤ ስንጥቋን በቃጫና በሬንጅ ደፈንኩ፤ የጎደጎደውን በስቱኮ ሞልቼ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። አሁን ቀለሙ ያዘ!

የተገኘው ቀለም ቀይ ብቻ ነው፤ ለአብዮት በዓል ከተቀባው የቀበሌ በር የተረፈ። ሊቀመንበሩ መፈክር ይጻፍባት አለ። መፈክሩ ውሃ ውስጥ ቢሰጥም ማን ይጠየቃል? አልኩት። መፈክሩን ትቶ ሄደ። ባለፈው ሳምንት በማኅበሩ ትራክተር አስጎትተን ወንዙ ዳር አደረስናት።

ትናንት ወይብ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሳለ የዘይነባ አማት አረፉ ብለው ከማዶ ተጣሩ። በጭነት መኪና ወንዙ ዳር ደረስን። በሕይወት ሳለህ እግሬን ያላስገባሁባት እኔ ቀድሜ ገባሁ፤ ለዕረፍት የመጣው ከድር ቀዘፈ። ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው የሚለን ሊቀመንበር አብሮን ተሳፍሮ ኖሮ፣ መሀል ላይ ስትወዛወዝ ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ ሲል ሰማሁት። ጠብታ ውሃ አልገባባትም። አስከሬኑ ሳይወጣ ደረስን።

ዘይነባ ስታየኝ ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እየጮኸች የጠራችው ያንተን ስም ነበር። ምስኪን አማቷ ይቅር ይበሉን፣ ሁለታችንም አንተን ነው ያለቀስነው።

አልረሳህም፣ የኔ ጌታ። ዝናብ ሊገባ ሲል በየዓመቱ እፍቃታለሁ፣ እቀባታለሁ፤ እኔ ሲያቅተኝ ከድር፣ ከድር ሲያቅተው ልጆቹ። እኔ በቁሜ ሳለሁ፣ ወይብ የፈለገውን ያህል ቢሞላ፣ ወንድሟን ከማዶ ቆማ የምታለቅስ እህት አትኖርም።

ሚስትህ ሐሊማ