የአቶ ይርዳው ተራ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ዛሬም ዝናብ። ሚዛን፣ የገበሬዎች ማኅበሩ ቢሮ ዋልኩ። የእሸት ቡና መፈልፈያው ወረፋ ከነገ ጀምሮ በስልክ ይታያል። ገጹን የሠራሁት እኔ። ገበሬው ስሙን ሲነካ ተራው ይወጣል። ቁጥሩን አልጽፍም፤ ስሙ በዝርዝሩ ስንተኛ እንደሆነ ገጹን የሚያሠራው ስክሪፕት ራሱ ይቆጥራል። ሊቀመንበሩ አቶ አባቢያ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና፣ "የወረፋው ደብተርም ይቀመጥ" አሉ። አላመኑኝም...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ። አቶ ይርዳው ከሸዋ ቤንች ሌሊት ተነሥተው መጀመሪያ ተመዘገቡ። ስማቸውን ነኩ። "ተራዎ 0 ነው።" ለካ ስክሪፕት ከዜሮ ነው የሚቆጥረው፤ አንድ መደመር ረሳሁ። እሳቸው ተሰረዝኩ ብለው ሦስት ጆንያ እሸታቸውን ይዘው ተመለሱ። እሸት ሳይፈለፈል አያድርም... ምን ሆኖ ይሆን?
አቶ አባቢያ፣ "ደብተር ሰውን ዜሮ ብሎ አያውቅም። እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ይቅርብን።"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
አንድ ደመርኩ። አሁን ደግሞ አንደኛው ገበሬ ሁለተኛ ሆነ! ከስሞቹ በላይ "አረንጓዴ ፍሬ አትቀላቅሉ" የሚል መስመር ዛሬ ተጨምሯል፤ ስክሪፕቱ እሱንም እንደ ሰው ቆጠረው። ቡና የለው፣ ጆንያ የለው፣ ወረፋ ይዟል።
"ታዲያ ይፈልፈልለታ" አሉ አቶ አባቢያ። አሽሟጣጭ። ስሞቹን ብቻ እንዲቆጥር አድርጌ ሃያ ጊዜ ሞከርኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
አቶ ይርዳውን ይቅርታ ልጠይቅ ሸዋ ቤንች ሄድኩ። እሸቱን የማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥተውታል፤ ተመስገን፣ አልተበላሸም። እንደ ታጠበ ቡና በውድ ባይሸጥም።
"አንቺ ልጅ፣ ከሰባት ወንድምና እህት በኩሩ እኔ ነኝ። ዜሮኛ የሚባል ልጅ ሰምተሻል?"
"የኮምፒውተር አቆጣጠር ነው፣ አባባ።"
"እሱም ታላላቅ የሉትማ፤ ማን ያስተምረው።"
ነገ ይመጡ ይሆን? አልነገሩኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16
መጡ። አርፍደው። ስልካቸው "9" አለ። አላመኑም። በከዘራቸው እየጠቆሙ ከፊታቸው የተሰለፈውን ሰው ቆጠሩ፤ ስምንት። እንደገና ቆጠሩ።
ከኋላቸው ወይዘሮ ንጋቷ ስልካቸውን ሲያወጡ፣ "ተዪው፣ አሥረኛ ነሽ" አሏቸው። "ይኼ ነገር እኮ ልክ ነው።" ከዚያ እስከ ማታ ለመጣው ሁሉ ተራውን ሲነግሩ ዋሉ። እኔን የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ትንሽ ከፋኝ... ግን ደስ ብሎኛል።