የአባባ የሐይቅ ልኬት የት ገባ?

ሰኞ፣ ጥር 4፤ ከቀኑ 11 ሰዓት

ሦስተኛውንም ድርጅት ሰረዝኩት። አይሆንም። ደብተሬ፣ አንቺንም የድርጅት ማወዳደሪያ አደረግኩሽ፤ ቻይው እንግዲህ።

ነገሩ የአባባ ነው። ባቱ ሐይቅ ላይ ውሃ ለኪ ነበሩ። በየጠዋቱ ውሃው ውስጥ የተተከለውን ባለቁጥር ዘንግ ያነቡና ይመዘግባሉ። በየወሩ አዳማ ይመጡና ኢንተርኔት ቤት ገብተው ልኬቱን ዩዝኔት ላይ ይለጥፉታል። ከፌስቡክ በፊት የዓለም ሰው በየርዕሱ የሚጻጻፍበት መድረክ ነው፤ የእሳቸው ስለ ሐይቆች ነበር። መዝገቦቻቸውን ምስጥ ጨረሳቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ይባስ ብሎ ራሳቸውን መጠራጠር ጀምረዋል። ትናንት፣ "እውነት ጽፌ ነበር ወይስ ሳስበው ነው የኖርኩት?" አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

በነጻ ፈለግኩ፣ የለም። የድሮውን ጽሑፍ አስቀምጠው በክፍያ የሚያስነብቡ ድርጅቶች አሉ። ከነሱ አንዱን መምረጥ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 5፤ ምሳ ሰዓት

ሥራ ቦታ ነኝ፣ የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ። ሰው የለም። የድርጅቶቹ ስም አልያዝ አለኝ፤ በድረ ገጻቸው ቀለም እየጠራኋቸው ነው።

ሰማያዊው ደህና ነበር። የድሮ ጽሑፍ ሞልቶታል፤ ግን የሚጀምረው ከ2003 ነው። አባባ 95 ላይ ጀመርኩ ይላሉ። ስምንት ዓመት ይጎድላል፣ ወደቀ። ቀዩ ፈጣን ነው፣ መጻፍም ይፈቅዳል፣ የሚያስቀምጠው ግን የቅርብ ጊዜውን ብቻ። ወደቀ። አረንጓዴው ጽሑፍ የሚያቆይበትን ጊዜ የሚናገረው በቀን ነው! ቁጭ ብዬ ለ365 ሳካፍል ዋልኩ። እሱም አልደረሰም። የቀረኝ ጥቁሩ። "ሁሉም አለን" ይላል። ከስንት ዓ.ም. ጀምሮ? ብዬ ጻፍኩላቸው፤ ዝም።

ሐሙስ፣ ጥር 7፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ጥቁሩ ለሙከራም ካርድ ይጠይቃል። የእኔ ካርድ ውጭ አገር አይሠራም። የአክስቴ ልጅ ገመቹ ባቱ አበባ እርሻ ቢሮ ነው የሚሠራው፤ የእሱ ይሠራል። የማረጋገጫው ቁጥር ስልኩ ላይ ሲመጣ ባጃጅ ላይ ነበር። በንፋሱ ውስጥ እየጮኸ አነበበልኝ፣ ሦስት ሰማሁ፣ ስድስት ኖሯል። እንደገና።

ገባሁ። የመድረኩ ስም አለ። ውስጡ? የክብደት መቀነሻ ማስታወቂያ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ሌቦች!

ለአባባ የለም አልኳቸው። ተይው ልጄ፣ ሳልጽፈው ቀርቼ ይሆናል አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 9፤ ጠዋት

ወይ እኔ! ወይ ጅልነት!

ቁርስ ላይ አባባ እንዲሁ በጨዋታ፣ መጀመሪያ የለጠፍኩት አንቺ ሚኒስትሪ በተፈተንሽበት ክረምት ነው አሉ። በጣቴ ቆጠርኩ። በፈረንጅ 95 እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ የስድስት ዓመት ልጅ ነኝ። ሐምሌ 95 በእኛ ነው! በፈረንጅ 2003። ድረ ገጹ ላይ ያለው ሁሉ ፈረንጅኛ ስለሆነ የአባባንም ዓመት አብሬ ፈረንጅ አደረግኩት። በፈረንጅ 95 እዚህ አገር ኢንተርኔት ነበር እንዴ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ሰማያዊው ነው። መጀመሪያ የጣልኩት። ገመቹ ሲሰማ ሳቁን መጨረስ አቃተው፤ ካርዱን ግን አልከለከለኝም።

ማክሰኞ፣ ጥር 12፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

የጥምቀት እንግዳ ሆቴሉን ሞልቶት ነበር፤ ዛሬ ነው የተነፈስኩት። ሰማያዊውን ለአንድ ወር ከፈልን። መብራት ሁለቴ ሄደ። በሦስተኛው ሙከራ የርዕሶቹ ዝርዝር ወርዶ አለቀ፣ የአባባን ስም ጻፍኩ።

አሉ። አሥራ አንድ ጽሑፎች።

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። እሳቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረውኝ ይቆጥራሉ። አንዱን ዘልዬ ኖሮ አቆሙኝ፤ ተመልሼ ሳየው እውነትም ዘልያለሁ።

ከመጨረሻው ጽሑፍ ሥር የሌላ ሰው መልእክት አለ። ፊንላንድ የሚኖር ሰው ነው። ልኬቱን በየወሩ እከታተላለሁ፤ ሰሞኑን ውሃው በአንድ ቀን የዘለለው ለምንድን ነው? ይላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ፣ ደህና ነህ ወይ? ይላል። አባባ አላዩትም፤ ያኔ ኢንተርኔት ቤቱ ተዘግቶ ነበር። ሳነብላቸው ለአፍታም አላሰቡም። ዘንጉን ታንኳ ገጭቶት ዘሞ ነበር፣ በማግስቱ አቃናሁት አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "ታዲያ ሰውዬው እስካሁን ሳይመለስለት?"

መድረኩ ባዶ ነው፣ ሰውዬውም ላይኖር ይችላል አልኳቸው። ቢሆንም ጠይቆኛል አሉ።

ሰማያዊው ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቅድም። በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፣ አላየሁትም። ቀዩ ይፈቅዳል። ስለዚህ ቀዩም ጋ እንመዘገባለን። ለገመቹ ደወልኩ፣ ከባጃጅ ውረድ አልኩት። አባባ ማስጻፍ ጀምረዋል፤ የመጀመሪያው መስመር፦ ደህና ነኝ፣ ስለ መዘግየቴ ይቅርታ