የልጄን ሹሩባ ለመረመሩት ኃላፊ

ለተከበሩ የሕፃናት አእምሮ ምርምር ተቋም ኃላፊ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ክቡር ምክትልዎ ደኅና ናቸው? ልጄን በከረሜላ ያባበሏት ረዳትዎ፣ በሩን የሚጠብቁት አባት፣ ሽቦ የተተከለበት ቆብ፣ ቆቡንም የሚያነበው መሣሪያ፣ ሁሉም እንደምን ከረሙ? እኔ ከቤቴ ርቄ በግንባታ ሥራ ላይ የምገኝ፣ ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ አባት ስሆን፣ ከሐሳብ በቀር ደኅና ነኝ። ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ልጃችን እንድትመረመር ባለቤቴ ስታመነታ ረዳትዎ በስልክ «ወንድሜ፣ ጨዋታ እኮ ነው! ሥዕል አይታ ታስታውሳለች፣ እንጨት ትደረድራለች፤ ውጤቱ ከዚህ ክፍል አይወጣም» ስላሉኝ፣ የተማረ ሰው ቃል ነው ብዬ አግባባኋት። ውጤቱ ግን ከልጄ ቀድሞ ትምህርት ቤት ገባ። ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፤ እናቷ ለክብርዎ ስትል ልጅቷን ሹሩባ ጥብቅ አድርጋ ሠርታት ነበር። እንደነገረችኝ፣ ቆቡ በጉንጉኑ ላይ አልቀመጥ ቢል አንዱ ባለሙያ «ይፈታ እንዴ?» ሲል ሌላው «ተወው ባክህ፣ ምሳ ሰዓት ደርሷል» አለው። ከዚያም ሽቦው የራስ ቆዳዋን ሳይነካ «የአንጎል እንቅስቃሴዋ ደካማ፣ የማስታወስ አቅሟ ዝቅተኛ» ተብሎ ተጻፈ። ጸጉር እንደማያስብ ስላረጋገጡልን ሳይንስ ባለዕዳዎ ነው።

፫ኛ፤ በዚሁ ምክንያት ርእሰ መምህሩ ልጄን አንደኛ ክፍል አልቀበልም ብለዋል። ዩኒፎርሟ ተሰፍቶ ምስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው። እሷም በስልክ «አባዬ፣ ቆቡ ምን ብሎ ነው ያሳበቀብኝ?» ትለኛለች። እኔም «ኃላፊውን ጠይቄ እነግርሻለሁ» ብያታለሁ፤ ክቡርነትዎ ሊቅ ስለሆኑ አይቸገሩም።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ፈረሱ ነጭ ጋዋን እንደሚለብስ ግን የነገረኝ አልነበረም።

ስለዚህ ምዝገባው ሳይዘጋ ጸጉሯ ተፈትቶ ዳግም እንድትታይ፣ ስሕተቱንም ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ እንዲያስታውቁልኝ እማጸናለሁ። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎት መልስዎን ይላኩልኝ።

ቃል እንደ ቆብ ተጠልቆ የሚወልቅ አለመሆኑን ከክቡርነትዎ ለመማር በመጓጓት፣ እጅ ነሥቼ የምሰናበት፣
የደካማዋ ልጅ አባት

ማስታወሻ፦ በዚያን ዕለት ሲወጡ፣ ለሥራው አዲስ የሆኑት ረዳትዎ በመተላለፊያዎቹ መንገድ ጠፍቷቸው ባለቤቴንና ልጄን ዕቃ ቤት አስገብተዋቸው ነበር። ልጄ «በዚህ አይደለም፣ በቀዩ ወንበር ጋ ታጥፈን ነው የመጣነው» ብላ ሁለቱንም እየመራች ከበሩ አደረሰቻቸው። ይህን መሣሪያው አልመዘገበውም፤ ቆቡ ወልቆ ነበርና። ከገቡበት ስሕተት መውጫው ቢጠፋብዎት እሷን ያስጠሩ፤ ሹሩባዋን ፈትተን እንጠብቃለን።