በአጨዳ መሀል ማሳዬ ላይ ስለተከፈተው የቀለም ተኩስ

ለተከበሩ የወረዳችን ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የቆላው ሙቀት ቢሮዎ ድረስ ዘልቆ እንዳያስቸግርዎ ምኞቴ ነው። አዛናው እባላለሁ፤ ከሸሕዲ ወጣ ብሎ ሰሊጥ አርሼ የማድር ገበሬ ነኝ። ከማሳዬ የሚዋሰነውን ጫካ በቀለም ጥይት ለሚታኮሱበት «ፔይንትቦል» ለተባለው ጨዋታ ስለፈቀዱልን ከልብ አመሰግናለሁ። እውነተኛው ተኩስ አንሶን ነበርና የጎደለውን ሞልተውልናል።

ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ፦

1. ለጨዋታው ባወጡት ካርታ ላይ «ባዶ መሬት» የተባለው ማሳዬ በጥቅምት ባዶ አይደለም። የታጨደው ሰሊጥ ነዶው ተደጋግፎ፣ እኛ ሂላ የምንለው ሆኖ ቆሞ ይደርቃል። ከተነካ ስለሚረግፍ ባለቤቱ እንኳ በአጠገቡ የሚያልፈው ቀስ ብሎ ነው። እንግዶችዎ ግን ምሽግ አደረጉት፤ አንዱማ ተንተርሶት ፎቶ ተነሣ። የረገፈ ሰሊጥ ከአፈር እንዴት እንደሚለቀም ሥልጠና ቢሰጡን ደስ ይለናል።

2. ባለፈው ማክሰኞ አሥራ አንድ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ጠመንጃ ደግነው ከጫካው ወጡ። ከጎጃም የመጣው አጫጄ ባንተአምላክ ደረቱን ተመታ። ቀዩን አየና ሞትኩ ብሎ ተጋደመ፤ ለእናቱ ቶሎ እንዳይነግሯት አደራ አለ። እንግዶችዎ ሳቁ። እኔ አለቀስኩ። ሠላሳ ሁለቱም አጫጆች በዚያው ዕለት ሸሹ፤ አንድም የተመለሰ የለም። ያልታጨደው ሰሊጥ እንደቆመ ፍሬው እየተከፈተ እየረገፈ ነው፤ በዚህ ሳምንት ሰው ካላገኘሁ የዓመት ልፋቴ አፈር ሆኖ ይቀራል።

3. ኧረ ሰሊጡስ ይቅር። የማሳዬ ጠባቂ ደረበ ያን ዕለት ክላሹን አቀባብሎ ነበር። ቃታውን ሊስብ ሲል አንዷ ላቧን ልትጠርግ ጭምብሏን አወለቀች፤ ለጋ ልጅ ናት። ደረበ ከዚያ ወዲህ እህል በአፉ አልዞረም። አምና ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ወንድሙን ሲወስዱበት ያመለከተው ለዚሁ ወረዳ ነው፤ መልሱን ዛሬም ይጠብቃል። ለጨዋታው ፈቃድ ግን በሁለት ቀን እንደተሰጠ ሰማሁ፤ ቅልጥፍናችሁ ይበል የሚያሰኝ ነው።

ስለዚህ ጨዋታው ቢያንስ አጨዳው እስኪያልቅ እንዲቆም እለምናለሁ።

ይህ ደብዳቤ ሳይነበብ መዝገብ ቤት እንደማይቀመጥ በብርቱ እያመንኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

አዛናው፣ አጫጅ ያጣው ገበሬ

ማስታወሻ፦ ቅዳሜ እርስዎ ራስዎ ጭምብል አጥልቀው ውድድሩን እንደሚከፍቱ በድምፅ ማጉያ ሲነገር ሰምተናል። እባክዎን ፊትዎን ገልጠው ይምጡ። ደረበ የያዘው ጠመንጃ ቀለም አይተፋም።