አርባ ሺህ ተከታይ አለው ስላሉት ልጅ

ለተከበሩ የመረጃ ቁጥጥር ቢሮ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ሰፈር ግን ጤና የለም። የግድግዳ ጎረቤቴ፣ ማለትም ባለፈው ወር የወሰዱት ልጅ እናት፣ ደም ግፊቷ አልወርድ ብሏል፤ ታናሽ ልጇ ትምህርቷን ትታ እሷን ታስታምማለች፤ አባትየው በር በተንኳኳ ቁጥር ጫማውን ያጠልቃል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ ብዙ ስላልሆነ፣ ከሥርዓት የወጣ ነገር ብጽፍ ከወዲሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ አቤቱታዬን በጋዜጣ በኩል አቀርባለሁ።

፩. ልጁን «ዝምታው» ነው የምንለው፤ ሰላም ሲሉት እንኳ በአንገቱ ነው የሚመልሰው። ይህን አፉን የማይከፍት ልጅ «ሕዝብ ቀስቃሽ» ብለው ስለሾሙልን ከልብ እናመሰግናለን። ብሎግ የሚሉትን ነገር ከፍቶ የጻፈው ስለ ሰፈራችን ቧንቧ ነው። ዜናው ውሃ ለሁሉም ደረሰ ባለ ቀን፣ እሱ የተሰለፉትን ጀሪካኖች ፎቶ አንስቶ ለጠፈ። ክዳን የሌለው ጀሪካን የእኔ ነው፤ ለምርመራ ከጠቀመ ይውሰዱት።

፪. አርባ ሺህ ተከታይ እንዳለው በሬዲዮ ሲናገሩ ሰማን። ክቡርነትዎ፣ ያንን ቁጥር የሠራነው እኛ ነን። ገጹ ግርጌ ላይ ስንት ሰው እንደገባ የሚቆጥር ነገር አለ። መጀመሪያ ሰሞን ከሦስት አላልፍ ቢል ልጁ እህል አልቀምስ አለ። እናቱ አንጀቷ አልችል ብሎ እኔንና ጸጉር ሠሪዋን ይዛን ኢንተርኔት ቤት ሄደች፤ እዚያ የምትሠራው ልጅ ሪፍሬሽ ማድረግ የሚባለውን አሳየችን። አንዴ ሲጫኑት አንድ ሰው ይጨምራል። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመን! ጸጉር ሠሪዋ ደንበኛዋን ካስክ ሥር አስቀምጣ እየመጣች ትጫናለች፤ እኔ ሱቄን ዘግቼ እጫናለሁ፤ እናቱ ማንበብ አትችልም፣ ጣቷ ግን አይደክምም። ልጁ ቁጥሩን እያየ ፊቱ ሲፈካ እኛ ምንም እንዳልሰማ ሰው ዝም። እንግዲህ ያስደነገጠዎ ሕዝብ ይህ ነው፤ ሦስት ሴቶች ነን፣ አንዳችንን ወገቧን ያማታል። ሊያስሩን ከፈለጉ አንድ አግዳሚ ወንበር ይበቃናል።

፫. የጥበቃ ሠራተኞችዎን ትሕትና ሳላነሳ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። እናቱ የወሰደችለትን ሹራብ «እዚህ የለም» ብለው በሁለት እጃቸው መለሱላት። ሌላ ቦታ ሄደች፤ እዚያም የለም። ክቡርነትዎ፣ ከዚህ በላይ መቀለድ አቃተኝ። ቁጥሩን ይሰርዙት፤ ቧንቧውም እንደደረቀ ይቅር። ልጁ የት እንዳለ ብቻ፣ በልጆችዎ ይሁንብዎ፣ ይንገሩን።

ከወንበርዎ የሚያነሳዎ አንዳች ክፉ ነገር እንዳይገጥምዎ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የአርባው ሺህ ሕዝብ ሲሶ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ይህንን ለጋዜጣው ሳልልክ አንዲት የቢሮዎ ሠራተኛ ቀሚስ ልትለካ መጣች። ማን እንደሆነች ለማወቅ አይድከሙ፤ የግማሹን መሥሪያ ቤት ቀሚስ የምሰፋው እኔ ነኝ። ልጁን ወስደው ገጹን ለእኛ ከዘጉብን በኋላም ቁጥሩ ይጨምራል ለካ! «አዲስ ነገር ጽፎ እንደሆነ ብለን በየጠዋቱ ሁላችንም እንከፍተዋለን» አለችኝ። «አስራችሁት?» ብላት፣ «ምን ላድርግ እትዬ፣ ትእዛዝ ነው» አለች።

የልጁ እናት ጥግ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር።

«እንግዲያው አንብበውታል» አለች። «ስለ ቧንቧ መሆኑን ያውቃሉ።»