ልጄ በልዑካኑ አውሮፕላን እንድትመጣልኝ

ለውጭ ግንኙነት ሚኒስቴር
ለክቡር ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት

ቀን፦ ሰኞ፣ ልዑካኑ በሚገቡበት ሳምንት

ጉዳዩ፦ በውጭ አገር ሥራ ላይ ሳለች የሞተችው ልጄ አስከሬን እንዲጠየቅልኝ ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በመንግሥት የሥነ ሥርዓት ዕቃዎች ማደራጃ ውስጥ ሰንደቅ ዓላማ ሰፊ ነኝ። የውጭ አገር መሪ በመጣ ቁጥር ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ መሀል ከተማ በየምሰሶው የሚውለበለበው ጨርቅ በእኔና በባልደረቦቼ እጅ ያለፈ ነው። ክቡርነትዎም ከሥሩ ቆመው ብዙ ጊዜ ፎቶ ተነሥተዋል፤ ስለዚህ ጨርሶ አንተዋወቅም ለማለት አልደፍርም።

2. ልጄም አጠገቤ ባለው የስፌት መኪና ላይ ትሠራ ነበር። በክፍላችን ልማድ ሰንደቅ ተሰፍቶ ሲያልቅ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይወጥረዋል፤ ስፌቱ መጥመም አለመጥመሙ የሚታየው እንዲያ ሲወጠር ብቻ ነው። አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን እሷ ነበርን የምንይዘው። «እማዬ፣ ጠበቅ አድርጊው እንጂ! ፎጣ እያሰጣሽ ነው እንዴ?» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

3. የኢኮኖሚ ማገገሚያ ዕቅዱ ሲታወጅ ከክፍላችን ግማሹ ሰው ተቀነሰ፤ ልጄም አብራ ወጣች። በዚያው ሰሞን መንግሥት ከወዳጅ አገር ጋር የሠራተኛ ስምሪት ስምምነት ተፈራረመ። በቴሌቪዥን ቀርበው የተናገሩት ክቡርነትዎ ነበሩ፤ ወደዚያ የሚሄዱት ወጣቶች «የማገገሚያው ግንባር ቀደም ወታደሮች ናቸው» ብለዋል። ልጄ ይህን ሰምታ «በቃ እማዬ፣ ወታደር ሆንኩልሽ!» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ቢሆንም አገር ተቸግራ ሳለ የኔ ልጅ ብቻ ትቅር አላልኩም፤ ሻንጣዋን ያሰርኩት እኔው ነኝ።

4. እዚያ በልብስ ፋብሪካ ተቀጠረች። በሠራተኞቹ ማደሪያ እሳት ተነሥቶ ሞተች። ስልክ ደውላ ያረዳችኝ አብራት የነበረች ጓደኛዋ ናት፤ ከመሥሪያ ቤትዎ የደወለልኝ ሰው የለም። አስከሬኗ እስከ ዛሬ በዚያ አገር ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ሆስፒታሉ ለመልቀቅ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዜጋችን ናት፣ ስጡን» የሚል የመሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ።

5. ይህንኑ ይዤ መሥሪያ ቤትዎ ደጋግሜ ተመላለስኩ። በመጨረሻ የተቀበለኝ ባለሙያ ልጅ እግር ቢሆንም ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ «እናቴ፣ ያጽናዎት» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወቅቱ እንደማይመች ነገረኝ። ከዚያ አገር ጋር የብድር ማራዘሚያ ድርድር ላይ ስለሆንን ከእሳቱ ጋር የሚነካካ ጥያቄ ሁሉ እንደ ቅሬታ ሊቆጠርብን ይችላል፣ የዚያ አገር ልዑካን መጥተው እስኪመለሱ ይታገሡ፣ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ጉዳዮች አሉ አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ጉዳይ መኖሩ አይጠፋኝም። የኔ ልጅ ተራ መቼ እንደሚደርስ የሚነግረኝ ግን አጣሁ። ማን አቃጠለ፣ በሩንስ ከውጭ ማን ቆለፈባቸው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም እኮ! ልቅበራት ነው ያልኩት።

6. ባለፈው ሳምንት የልዑካኑን አገር ሰንደቅ እንድንሰፋ ታዘዝን፤ ተራው የኔ ነበር። አለቃችን ሐዘኔን ስለምታውቅ «ለሌላ ሰው ልስጠው» ብላኝ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሥራዬ ነውና። ሰፍቼ ስጨርስ አንዱን ጫፍ ያዝኩና ሌላውን ወደ ጎን ዘርግቼ «ያዢልኝ፣ ሚጣዬ» አልኩ። የስፌት መኪናው ሁሉ ቀጥ አለ። በሰው ፊት አፈርኩ፤ ጫፉን በበሩ እጀታ ላይ አሰርኩና ወጥሬ አየሁት። ደህና መሰለኝ። ለካ እጀታው ከልጄ ትከሻ በጣም ዝቅ ይላል፤ ጠማማው ስፌት ቀጥ ብሎ ታየኝ። አለቃችንም ዕንባዋን ስትጠርግ ሳታየው አለፈ።

ሰንደቁ ለሙከራ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ጠመመ። ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ከመሥሪያ ቤትዎ የሥነ ሥርዓት ሹሞች በሁለት መኪና ከተፍ አሉ። «የሰው አገር ክብር ነው የነካሽው!» ብለው ተቆጡኝ። እዚያው ቆሜ ሳለሁ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት። ጥፋቴን አልክድም፤ ሰንደቁንም ተርትሬ እንደገና ሰፍቼዋለሁ፣ አሁን ቀጥ ብሏል። ግን ይህ መሥሪያ ቤት ለካ እንዲህ መፍጠን ያውቅበታል! እኔ ሞኟ «ፈራሚው የለም፣ ማኅተም ያዡ ወጥቷል» በተባልኩ ቁጥር አምኜ እመለስ ነበር። ለጠማማ ጨርቅ የተጻፈው ደብዳቤ ለልጄ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ አፈር አልብሻት ነበር።

7. ስለዚህ የምለምነው ይህን ብቻ ነው። የልዑካኑ አውሮፕላን የሚነሣው ልጄ ካለችበት ከተማ ነው፤ አንድ ሣጥን የሚያስቀምጡበት ቦታ አያጡም። ደብዳቤው የክስ ቃል አይኑረው። እሳቱ አይነሣ፤ በሩም ይቅር። «ወታደራችንን መልሱልን» ቢሉ ይበቃል፤ ቃሉ እንደሆነ የራስዎ ነው። ብድሩም ይራዘም፣ አገርም ታገግም፤ እኔም አሜን እላለሁ። እኔስ ከእንግዲህ አላገግምም፤ ሄጄ የማለቅስበት መቃብር ግን አልከልከል።

8. ወታደር ናት ስላሉ ለሣጥኗ የሚለብስ የአገሬን ሰንደቅ ሰፍቻለሁ። ጨርቁ የራሴ ነው፣ የመንግሥት ንብረት አልነካሁም። ሌላውን ጫፍ ሌላ ሰው እንዲይዝልኝ ልቤ እምቢ ስላለኝ ይህንንም በበሩ እጀታ ላይ አስሬ ነው ያየሁት፤ ጠሞ ይሆናል። ለዚህኛው ግን እባክዎ ሹሞቹን አይላኩብኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ከእናት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሟች እናት፣ ሰንደቅ ሰፊዋ