ኮረብታው የዋጠውን ውሃ ሲከተሉ የኖሩት የጋሽ ይወጣል የሕይወት ታሪክ

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው፣ ትልቁም ትንሹም ጋሽ ይወጣል እያለ ይጠራቸው የነበሩት አባታችን፣ ከኖራ አቃጣይ አባታቸውና ከአትክልት ነጋዴ እናታቸው ሚያዝያ 6 ቀን 1938 ዓ.ም. በኮረብታው ምዕራባዊ ግርጌ፣ ከትልቁ ምንጭ ሁለት መቶ እርምጃ በማይርቅ ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ናቸው። እናታቸው “ይሄ ልጅ ሲወለድ አላለቀሰም፣ አነጠሰ” ይሉ ነበር አሉ፤ በዚያ ቤት የኖራ ብናኝ ያልደረሰበት ጥግ አልነበረምና።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ተምረዋል። “በጥሩ ውጤት” የሚለው እንዲገባ ያዘዙኝ ልጆቻቸው ናቸው። እሳቸው ግን ሒሳብ በመጣ ቁጥር ሆዳቸውን ያማቸው እንደነበር ነው በግድግዳ ለሃያ ስድስት ዓመት ለተጎራበትኳቸው ለእኔ የነገሩኝ።

ስለ ኮረብታው ሳይወራ ስለ እሳቸው ማውራት አይቻልም። ኮረብታችን የኖራ ድንጋይ ነው፤ ላዩ ደረቅ፣ ሆዱ ውሃ። የቱንም ያህል ቢዘንብ አናቱ ላይ ወራጅ አታገኙም። ውሃው እኛ ጉሮሮ በምንላቸው ጉድጓዶች ገብቶ ይሰወራል፤ ከቀናት በኋላ ግርጌው ላይ በምንጭ ብቅ ይላል። ድንጋዩን ፈልጠው ሲያዩት የቀንድ አውጣና የዛጎል ቅርጽ አለበት። ጋሽ ይወጣል ለተማሪዎች ያንን እያሳዩ፣ “ይህ ሁሉ ድሮ የባሕር ወለል ነበር። ባሕር የነበረ ነገር ውሃ መደበቁ ምን ይገርማል?” ይሉ ነበር። ዋሻዎቹ ውስጥ የሌሊት ወፍ እንደ ጥቁር ጨርቅ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ትልቁ ዋሻ ውስጥ ባለው ኩሬ ዓይን የሌላት ነጭ ዓሣ አለች፤ ጃርት ከድንጋዩ ሥር ጉድጓዱን ይምሳል፤ ገደሉ ላይ ጉጉት ትፈለፍላለች። በአያቶቻችን ዘመን ዛፍም ነበረው ይባላል። ያራቆትነው እኛው ነን። አንድ እቶን ኖራ ለማቃጠል ሦስት ቀን ሳይቋረጥ እንጨት መማገድ ያስፈልጋል፤ ኮረብታው ላይ ደግሞ ሰባት እቶን ነበር።

በ1952 ዓ.ም. በአባታቸው እቶን ሥራ ጀመሩ። ድንጋይ ሲፈልጡ፣ ሲደረድሩ፣ ሲያቃጥሉ፣ የተቃጠለውን በውሃ ሲያበርዱ አሥራ ሁለት ዓመት ቆዩ። አሁን የምጽፈውን ደግሞ እንድጽፈው ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸው። “ከሞትኩ በኋላ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ብታነቢ ተነሥቼ አርምሻለሁ” ብለውኛልና አልደፍርም።

በ1960 ዓ.ም. መጨረሻ ያልታሰበ ዝናብ መጥቶ ከእቶን የወጣ ሙሉ ኖራ ሳይሸፈን አገኘውና አበላሸው። በዚያን ጊዜ በሠፈሩ “ኮረብታው የዋጠውን አይመልስም” የሚል አባባል ነበር። የሞተ ከብትም፣ የተሰበረ ዕቃም፣ የእቶን አመድም የሚጣለው ጉሮሮ ውስጥ ነበር። እሳቸውም የተበላሸውን ኖራ አንድ ቀን ሙሉ በጆንያ እያመላለሱ ጉሮሮ ውስጥ ደፉት። በአራተኛው ቀን ትልቁ ምንጭ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ወጣ። ዓሣው ሆዱን ሰቅሎ ተንሳፈፈ። ሠላሳ አራት አባወራ ለሰባት ሳምንት ውሃ ከሩቅ ወንዝ በጀርባው አመላለሰ። ካመላለሱት አንዷ የገዛ እናታቸው ነበሩ። ዳገቱ ላይ አዳልጧቸው ዳሌአቸው ተሰበረ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በምርኩዝ ሄዱ።

ሰው ሁሉ “የፈጣሪ ቁጣ ነው” ሲል ልጁ እውነቱን ደበቁ። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥተው ቆይተው ለእናታቸው ተናገሩ።

እናታቸው በስብራቱ ምክንያት አልጋ ላይ ነበሩ። “አውቃለሁ” አሏቸው። “የዚያን ቀን ልብስህን ያጠብኩት እኔ አይደለሁ? አሁን አልቅሰህ አታድክመኝ። ለመሆኑ ሌሎቹ ጉድጓዶችስ ወዴት ነው የሚያወጡት?”

ልጁ አላወቁም። ሠፈሩም አያውቅም። የቀረው ሕይወታቸው በሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

በ1962 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው በኮረብታው ምሥራቅ በኩል፣ አሁን ባለንበት ሠፈር ቤት ተከራዩ። አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። በ1964 ዓ.ም. የኖራ ሥራውን ትተው የትልቁ ምንጭ ውሃ ጥበቃ ሆነው ተቀጠሩ። ሥራው የቧንቧውን መዝጊያ መክፈትና መዝጋት፣ ከብት ማባረርና መቀመጥ ነው። ለሠላሳ አራት ዓመት በየማለዳው ኮረብታውን ተሻግረው ሄደው፣ ማታ ተሻግረው ተመልሰዋል። ባለቤታቸው፣ “እኔን ያጨኝ ለምስክርነት ነው፤ ያገባውስ ጉድጓዱን ነው” ይሉ ነበር። ቀልድ ቢሆንም ሙሉ በሙሉ ቀልድ አልነበረም።

ኮረብታው ላይ አሥራ ሰባት ጉሮሮ አለ። እሳቸው በመጀመሪያ ከአናጢው ሰጋቱራ እየለመኑ አንዱ ጉሮሮ ውስጥ ይበትኑና ግርጌ ወርደው ምንጮቹን ይጠብቁ ነበር። ሰጋቱራው በሦስተኛው ቀን ይወጣል፤ በአሥረኛው ቀን ይወጣል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይወጣም። ቆይቶ የውሃ ቢሮ መሐንዲስ ሰውን የማይጎዳ አረንጓዴ ቀለም ሰጣቸው። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ምንጩ ላይ ሲያፈጡ አላፊ አግዳሚው፣ “ጋሼ፣ ዛሬም አልወጣም?” ይላል። እሳቸውም ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ “ቆዩ፣ ይወጣል” ይላሉ። ስማቸው በዚህ ቀረ። በ1998 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ የአሥራ ስድስቱን ጉሮሮ መውጫ አውቀው፣ ቀኑንና የዝናቡን ሁኔታ በደብተር ጽፈው ነበር። በእሳቸው ደብተር ምክንያት ዛሬ ማንም ጉሮሮ ውስጥ ቆሻሻ አይጥልም። ሲጥል የተገኘም ቆሻሻው የሚወጣበትን ምንጭ ጠርቶ የሚሰድበው ሰው አያጣም።

አሥራ ሰባተኛው ግን እምቢ አለ። ምዕራባዊው ተዳፋት አናት ላይ ያለው ነው፤ ድንጋይ ቢወረውሩበት ድምፅ ስለማይመልስ ደንቆሮው እንለዋለን።

ባለቤታቸው በ2001 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ጋሽ ይወጣል ብቻቸውን ቀሩ። በ2008 ዓ.ም. ድንጋይ ፈጭቶ ጠጠር የሚያመርት ድርጅት መጣና ያንኑ ምዕራባዊ ተዳፋት ከነደንቆሮው ጠየቀ። የውሃ ቢሮው፣ “ጉድጓዱ ከሰው መጠጥ ውሃ ጋር የሚገናኝ ከሆነ አይፈቀድም፤ ካልሆነ ይፈቀዳል” አለ። የእኛ ሠፈር ሰው ሥራ ይገኛል ብሎ ደስ አለው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ አልክድም። ተዳፋቱ ያለው በወዲያ በኩል ነው፣ እኛ ያለነው በወዲህ፤ ውሃ የኮረብታ ጀርባ አይሻገርም ብለን ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ደንቆሮው ውስጥ ቀለም አፍስሰው ትልቁ ምንጭ ላይ አርባ ቀን ተቀመጡ። አልወጣም። በ2011 ዓ.ም. ደገሙት። አሁንም አልወጣም። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ምንጩ ድረስ መጥቶ፣ “አባባ፣ ጉድጓዱ እንኳ ከእኛ ጋር ሆነ እኮ። ለምን አያርፉም?” አላቸው። እሳቸውም፣ “ማረፍማ ደስ ይለኝ ነበር ልጄ፤ ማን ያሳርፈኛል?” አሉት። ከዚያ ወዲህ የድሮው የኖራ ብናኝ ሳንባቸውን ያዘው። ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ይወጡ የነበሩት ሰው አሥር ጊዜ መቀመጥ ጀመሩ።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ወጡ። ቀለሙን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። መሐንዲሱ ከበፊቱ አምስት እጥፍ ሰጥቷቸው ነበር። ሲጨርሱ ባዶውን ጀሪካን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና፣ “አንቺ ልጅ፣ እኔ እንግዲህ ወርጄ አልጠብቅም፤ ደክሞኛል” አሉኝ። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከአፋቸው የሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቤታቸው ገብተው አልጋ ያዙ። ልጃቸው ትልቁን ምንጭ ስትጠብቅ ከረመች፤ ጥርት ያለ ውሃ ብቻ ነበር የሚወርደው።

በአርባ ስድስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የሠፈራችንን ክሊኒክ ጨርቅ የምታጥበው ጎረቤታችን እርጥብ አንሶላ ትከሻዋ ላይ ጥላ የጋሽ ይወጣልን በር በእግሯ ከፍታ ገባች።

“ጋሼ! ይኸው ጉድዎ! በሽተኛ ላይ ይህን ላንጥፍ?” አለች።

አንሶላው አረንጓዴ ሆኗል።

እሳቸው በክርናቸው ተነሡ። “የት አጥበሽው ነው?”

“የትም አልሄድኩ! እዚሁ ጓሮ፣ ቱቦዋ ላይ!”

“ወዲያ ማዶ ወርደሽ አይደለም?”

“በዚህ ጉልበቴ? ጋሼ፣ ትኩሳት አለብዎት እንዴ?”

ቱቦ የምንላት ምንጭ ከእሳቸው አልጋ ሰማንያ እርምጃ ትሆናለች። ክር የምታክል ናት፤ ግን ቀንና ሌሊት ስለማትቋረጥ የእኛን ሠፈር ጋንና የክሊኒኩን ማጠራቀሚያ የምትሞላው እሷ ናት። ጋሽ ይወጣል በየቀኑ እሷን ረግጠው ነው ኮረብታውን ሲሻገሩ የኖሩት። አንድም ቀን ወንበራቸውን እዚያ አስቀምጠው አያውቁም። አንሶላውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጎትተው ብዙ ጊዜ አዩትና፣ “ለካ ትልቁን ምንጭ ስለምወደው ነው” አሉ። “የምወደው ላይ ብቻ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሁለት ጊዜ ጓሮዬ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ እኔ የለሁም።” ከዚያ ሳቁ፤ ሳቁም ወደ ሳል ዞረ። አጣቢዋ ንዴቷን ረስታ ጀርባቸውን ስትመታላቸው ቆየች።

መሐንዲሱ መጥቶ ውሃውን ወሰደና አረጋገጠ። ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የውሃ ቢሮው በጠራው ስብሰባ ላይ እሳቸው መሄድ ስላልቻሉ ደብተራቸውን ሴት ልጃቸው፣ አንሶላውን አጣቢዋ ይዘው ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ፣ “አንሶላ ሰነድ አይሆንም” አለ። አጣቢዋም፣ “ልክ ነህ የኔ ወንድም፣ ሰነድ አይደለም። ሰው የሚተኛበት ነው። ውሃውን ግን አንተም ትጠጣዋለህ፤ ቢሮህ ያለው እኛ ሠፈር ነው” አለችው። አዳራሹ ሳቀ፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ፊት ለፊቱ የነበረውን የውሃ ብርጭቆ ቀስ ብሎ ወዲያ ገፋው።

ውሳኔው፣ ምዕራባዊው ተዳፋት ለአምስት ዓመት እንዳይነካና ከዚያ በኋላ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ የሚል ሆነ። እኛ በደስታ እየሮጥን መጥተን ነገርናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

“ስንት ዓመት ነው ያላችሁት?” አሉ።

“አምስት።”

“ለእኔስ ይበቃኛል፤ ለእናንተ ግን አይበቃም” አሉን። ደብተሩን አስመጥተው በአሥራ ሰባተኛው ጉድጓድ ፊት ለፊት ከሃምሳ ዓመት በላይ ባዶ የቆየውን መስመር ሞሉት። ከዚያ እስክሪብቶውን አጠገባቸው ለተቀመጠው ወንድ ልጃቸው ሰጡት። ልጃቸው ከኪሱ አውጥቶ አያውቅም፤ ዛሬም ይዞታል።

አባታችን በሳንባ ሕመም በክሊኒክና በቤታቸው ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በ76 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለይተዋል። ታላቅ እህታቸው፣ ሴት ልጃቸውና ወንድ ልጃቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ውሃቸውን ከየት እንደሚጠጡ አሁን የሚያውቁ ሁለት ሠፈሮች ቀርተዋል። ደብተራቸው በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ማንበብ የምትችሉ አንብቡት፤ በ2020 ዓ.ም. ጉዳዩ እንደገና ሲታይ አዳራሹ ውስጥ ወንበር የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል።

ብዙ ለተጓዙት እግሮቻቸው ምድር ትቅለላቸው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን “ተነሡ፣ ገና ነው” የሚላቸው በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን፣ ለእኛም ተራችን ሲደርስ ቁጭ ብሎ የመጠበቅ ጉልበት ይስጠን። አሜን።